የመረጃ ተንታኞች በየወሩ መሰብሰባቸው ስለሚሰጠው ጥቅም

በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚጻፈው ቍጥር የሰው ኑሮ ነው። ስንት ሕፃን እንደ ተወለደ፣ ለየትኛው ወረዳ ስንት ኩንታል እህል፣ ለየትኛው ጤና ጣቢያ ምን ያህል መድኃኒት እንደሚላክ የሚቈረጠው በዚሁ ቍጥር ነው። ቀድሞ በመዝገብና በቀለም ይያዝ የነበረው ሒሳብ ዛሬ በኮምፒውተር የሚሠራ ስለ ሆነ መሣሪያው ይገዛል፤ ጸሓፊውም ጥቂት ቀን ሠልጥኖ ወደ ወንበሩ ይመለሳል። ከዚያ ወዲያ ግን ብቻውን ነው፤ ችግር ቢገጥመው የሚጠይቀው፣ መላ ቢያገኝም የሚነግረው ባልንጀራ የለውም። ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት በተዛወረ ቀን ያገኘው መላ አብሮት ይሄዳል፤ ተተኪውም ያንኑ መንገድ ከመነሻው ይጀምረዋል።

በሌላው ዓለም ለዚህ ብቸኝነት የተገኘለት መድኃኒት የተጠቃሚዎች ማኅበር ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1955 ዓ.ም በካሊፎርኒያ፣ አይ.ቢ.ኤም. 704 የተባለውን ኮምፒውተር ያዘዙ ድርጅቶች፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ አውሮፕላን ሠሪዎችና በገበያ ተቀናቃኞች ሲሆኑ፣ ያንኑ አንድ ፕሮግራም እያንዳንዳቸው ለየብቻ ሲጽፉ ገንዘባቸው ማለቁን አይተው ሼር የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ። ኋላም በኒው ዚላንድ፣ በኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጄንትልማን የተባሉ ሁለት ምሁራን አር የተባለውን የስታቲስቲክስ መሣሪያ ሠርተው በ1995 ማንም በነጻ እንዲጠቀምበት ለቀቁት። ሻጭ የሌለው ዕቃ የሚያስተምርለት ነጋዴ የለውምና ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው በየከተማው እየተሰበሰቡ እርስ በርሳቸው ይማማሩ ጀመር።

የስብሰባው ሥርዓት ቀላል ነው። በወር አንድ ማታ አንድ መሥሪያ ቤት ወይም ትምህርት ቤት አዳራሹን ይፈቅድላቸዋል፤ ከመካከላቸው አንዱ በዚያ ወር የሠራውን በግድግዳ ላይ እያሳየ፣ ትእዛዙን እንዴት እንደ ጻፈውና የት ላይ እንደ ተሰናከለ ያስረዳል። የቀሩት ይጠይቃሉ፣ ያርማሉ፤ የተጻፈውም ፕሮግራም ለሁሉ ይታደላል። ጀማሪው ከዐዋቂው ጎን ይቀመጣል፤ ሹመት አይጠየቅም። በየወሩ በጻድቁ ወይም በመልአኩ ቀን ለጽዋ የሚሰበሰብ ሕዝብ የማኅበርን ጥቅም ከውጭ አገር ሰው የሚማር አይደለም። የቅኔ ተማሪም የቈጠረውን በጓደኞቹ ፊት ለመምህሩ ይነግራል፤ ይታረማል፤ በመታረሙም አያፍርም።

በኢትዮጵያ ግን የዚህ ማኅበር አስፈላጊነት ከሌላው አገር ይብሳል፤ አብዛኞቹ መሣሪያዎች የተሠሩት የጎርጎርዮስን ዘመን አቈጣጠር መሠረት አድርገው ነውና። ልደት የሚመዘግብ አንድ ጸሓፊ ጥቅምት 30 ቀንን በአኀዝ ቢጽፍ፣ ጥቅምት ሁለተኛ ወር ስለ ሆነ፣ መሣሪያው ፌብሩዋሪ 30 ቀን የለውም ብሎ ይመልስበታል። ጥቅምት 29 በ2012 ዓ.ም ሲጻፍ ያልፋል፤ በ2013 አያልፍም። 13ኛዋን ወር ጳጕሜንንማ ጨርሶ አያውቃትም። ወረፋ የበዛበት ጸሓፊ ጳጕሜን 3 የተወለደውን ሕፃን መስከረም 1 ብሎ ቢያስገባው፣ በዓመቱ ሪፖርት ጳጕሜን ልጅ ያልተወለደባት ወር ሆና ትገኛለች። ይህ ሁሉ ግን ከሌላው ይሻላል፤ የሚከፋው ሳይመለስ የሚያልፈው ስሕተት ነው። ጥቅምት 5 እንደ ፌብሩዋሪ 5 ተቈጥሮ በጸጥታ ይገባል፤ መሣሪያው ከዚያ ተነሥቶ በራሱ ዘመን ዕድሜ ሲያሰላ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይጨምራል፤ ሠራተኛውን ጊዜው ሳይደርስ ጡረተኛ ያደርገዋል።

የስምም ነገር እንዲሁ ነው። በሦስት መዝገብ ኃይሌ፣ ኀይሌ፣ ሀይሌ ተብሎ የተጻፈ አንድ ሰው ለመሣሪያው ሦስት ሰው ነው። (በዚህስ መሣሪያው ከጉባኤ ቤት ሊቃውንት ጋር ይስማማል፤ ፊደሉን ሁሉ አንድ ነው ብሎ የሚደባልቀው የዛሬ ጸሓፊ ነው።) ቀኑን አስተካክሎ የሚመልስ፣ ሞክሼ ፊደላትን የሚያመሳክር ጥቂት መስመር ፕሮግራም የጻፈ ብልህ በአንዱ መሥሪያ ቤት ቢኖር ጎረቤቱ በምን ይወቀው? ጳጕሜን በዘመነ ሉቃስ 6 ቀን እንደምትሆን የሚያውቅ የባሕረ ሐሳብ መምህርም በዚህ ስብሰባ ቢገኝ ከማንኛውም መሐንዲስ ያላነሰ ይጠቅማል።

የታላላቅ መንግሥታት ሀብትም ከዚህ አደጋ አያድንም። በ2020 በእንግሊዝ አገር የኮሮና በሽታ ሲቈጠር፣ የሕዝብ ጤና መሥሪያ ቤቱ ከ65,536 ረድፍ በላይ በማይቀበለው በአሮጌው የኤክሴል ዐይነት ስለ ተጠቀመ፣ 15,841 በሽተኞች በጊዜው ከቍጥር ሳይገቡ ቀሩ፤ ከእነርሱ ጋር የተገናኙትንም ሰዎች ፈልጎ ማስጠንቀቁ ዘገየ። የዚያን ሠንጠረዥ ወሰን የሚያውቅ ነባር ተጠቃሚ ግን ብዙ ነበረ።

አንዳንድ ሹማምንት የመንግሥት ምሥጢር በስብሰባ ይበተናል ብለው ቢሠጉ ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም፤ በ2016 ዓ.ም የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅም ይህንኑ ይከለክላል። ነገር ግን ወደ ስብሰባው የሚመጣው የአሠራሩ ዘዴ እንጂ የሰው መዝገብ አይደለም፤ ለማሳያ የሚሆን ሐሰተኛ ስምና ቀን በጥቂት ደቂቃ ይዘጋጃል። ሶፍትዌር ሻጮችም አዳራሹን የገበያ ቦታ እንዳያደርጉት መጠበቅ ያሻል። ከሁሉ የሚከብደው ሌላ ነው። አለቃው ፊት ለፊት በተቀመጠበት የበታቹ ስሕተቱን አያሳይም፤ ስሕተት ያልታየበትም ስብሰባ ሻይ ከመጠጣት አያልፍም። ስለዚህ ሹማምንት ሠራተኞቻቸውን በወር አንድ ከሰዓት በኋላ ለቅቀው፣ አዳራሽ ፈቅደው፣ እነርሱ ራሳቸው ቢቀሩ ትልቅ ርዳታ አደረጉ።

ለመጀመሪያው ስብሰባ የሚሆን ነገር ለመፈለግ መድከም አያሻም፤ ጳጕሜን በመሥሪያ ቤቱ እንዴት እንደምትጻፍ እያንዳንዱ አምጥቶ ቢያሳይ ለአንድ ማታ ይበቃል፤ ምናልባትም ለሁለተኛው ይተርፋል።