መኪናዬ ኒሯቅ መቼ ይደርሳል?

የኤሌክትሪክ መኪናዬን ከተረከብኩ ሳምንት ሞላኝ። የመጀመሪያው ቀን ያለቀው ስክሪኑ ላይ ያለውን ቻይንኛ በስልኬ ካሜራ ሳስተረጉም ነው። አፕሊኬሽኑ ደግሞ «የቻይና ስልክ ቁጥር አምጣ» አለኝ፤ ተውኩት። በማግስቱ ኤሌክትሪሺያን ጠርቼ ለቻርጀሩ ብቻ የሚሆን መስመር ከነኧርዙ አስዘረጋሁ። እናንተም ከዚህ ጀምሩ፤ በተራ ኤክስቴንሽን ቻርጅ ማድረግ ቤትን ለእሳት መዳረግ ነው።

እስከ ቅዳሜ አዲስ አበባን ያለ ነዳጅ ሰልፍ ዞርኳት። እሑድ እናቴ ከኒሯቅ ደወለች። «መኪና ገዛህ አሉ፤ መቼ ትመጣለህ ልጄ?»

ዝም አልኩ። ሰቆጣ ብቻ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ኒሯቅ ከዚያም ያልፋል። ባትሪዬ ሞልቶ ቢሄድ 400 ነው።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክሏል። ክልከላውን አልቃወምም፤ ነዳጅ በዶላር ይገዛል፣ መብራቱ የራሳችን ነው። 300 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራው የተከዜ ግድብ ሐይቅ እኮ የአበርገሌ ወጣት ዓሣ የሚያሰግርበት ነው። ታዲያ ክልከላው ለመላው አገር ከሆነ፣ ቻርጀሩም እስከ አገር ጫፍ መድረስ አለበት። አለበለዚያ የከተማ መኪና ብቻ ነው የሰጣችሁን።

ለእናቴ እውነቱን ነገርኳት፦ «እመጣለሁ እማዬ፤ ግን በአውቶቡስ።»