ሳውና ቤትዎ ከማሠራትዎ በፊት

«ዶክተር፣ ቤቴ ሳውና ላሠራ ነው፤ ይጠቅመኛል?» የሚሉኝ ታካሚዎች አሉ። እኔም መልሼ «በምን ሊያሞቁት ነው?» እላለሁ። አንዳንዶቹ መታጠቢያ ክፍላቸውን ዘግተው በከሰል ለማሞቅ እንዳሰቡ ይነግሩኛል። ይህንን እባክዎ አያድርጉት።

ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ይወጣል። ጋዙ ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ነው። የመጀመሪያ ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ናቸው። ሳውና ውስጥ የተቀመጠ ሰው ደግሞ «ሙቀቱ ነው» ብሎ ያልፋቸዋል፤ አደጋውም እዚህ ላይ ነው። ወይባ ጢስ የሚሞቁ እናቶችና እህቶችም አየር በደንብ በሚገባበት ቦታ ይሁን፤ ብቻቸውንም አይሁኑ።

ለቤት የሚሻለው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነው። ብዙ ኃይል ስለሚስብ ለብቻው የተዘረጋ መስመርና የመሬት ሽቦ ያስፈልገዋል፤ ሥራውን ለባለሙያ ይስጡ። ክፍሉ የአየር መግቢያና መውጫ ይኑረው። በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት፣ ቁልፍ የሌለው ይሁን። ለሴራሚክ ውበት ከሚያወጡት ገንዘብ በፊት ይህ ይቅደም።

ጥቅሙስ? እ.ኤ.አ በ2015 የታተመ የፊንላንድ ጥናት 2 ሺህ 315 ወንዶችን ለረጅም ዓመታት ተከታትሎ፣ ሳውና አዘውትረው የሚገቡት ላይ ድንገተኛ የልብ ሞት አነስተኛ ሆኖ አግኝቷል። ይህ ግን ሳውናው ብቻውን ለውጡን እንዳመጣ አያረጋግጥም። ላብ ያስወጣው ክብደትም ውኃ ነው፤ ሲጠጡ ይመለሳል። ስለዚህ ሳውናን እንደ መዝናኛ እንጂ እንደ መድኃኒት አይቁጠሩት፤ የደም ግፊት ክኒንዎንም በእሱ አይተኩ።

ሲጀምሩ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃል፤ ሲለምዱም ከ20 ደቂቃ አይለፉ። ከወጡ በኋላ ሁለት ብርጭቆ ያህል ውኃ ይጠጡ፣ ቀስ ብለውም ይነሱ። መጠጥ ከጠጡ ወይም ጫት ከቃሙ በዚያን ቀን ይቅርብዎ።

በቅርቡ የልብ ድካም ወይም የደረት ሕመም የገጠመው፣ የልብ ቧንቧው የጠበበ፣ ትኩሳት ያለበት ሰው አይግባ። ነፍሰ ጡሮች በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይራቁ፤ ከፍተኛ ሙቀት ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል። የግፊት ወይም ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት የሚወስዱ ሐኪማቸውን ያማክሩ።

በውስጡ ካዞርዎት አይታገሉ፤ ወዲያው ይውጡ፣ ሰውም ይጥሩ። ራስዎን ለማዝናናት የሠሩት ክፍል ቤተሰብዎን የሚያስለቅስ አይሁን።