ከቆዳ ሥር የሚወጣ የስብ እባጭ

ገላዋን ስትታጠብ ወይም ልብሷን ስትለብስ በትከሻዋ፣ በጀርባዋ ወይም በክንዷ ላይ ለስላሳ እባጭ የምታገኝ እናት ጥቂት አይደለችም። እባጩ አያቃጥልም፣ አይቆጠቁጥም። አንዷ «ካንሰር ያዘኝ» ብላ እንቅልፍ ታጣለች፤ ሌላዋ ደግሞ «ካላመመኝ ምን አስጨነቀኝ» ብላ ለዓመታት ትተወዋለች። ሁለቱም ሳይመረመሩ የተሰጡ ፍርዶች ስለሆኑ አይጠቅሙም። በመቱና በሌሎቹ የኢሉባቦር ከተሞች የሚገኙ እናቶችና ሠራተኞች ነገሩን ለይተው እንዲያውቁት በዚህ አምድ ልናነሣው ወደድን።

ሐኪሞች ሊፖማ የሚሉት ይህ እባጭ በስስ ሽፋን የተጠቀለለ የስብ ክምችት ነው። በጣት ሲጫኑት እንደ ሊጥ ይለሰልሳል፤ ሲገፉትም ከቆዳ ሥር ሸርተት ይላል። የሚያድገው በዝግታ ነው። በብዛት የሚታየው ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 60 ዓመት ባሉ ሰዎች ላይ ቢሆንም በሌሎችም ላይ ይወጣል። መንስኤው በሚገባ ባይታወቅም በአንዳንድ ቤተሰብ ውስጥ በዘር ሲተላለፍ ይታያል። ቅቤና ጮማ በመብላት ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ ቀጭን ሰውም ያወጣል። ከሰው ወደ ሰው ስለማይጋባም ባለ እባጯን መሸሽ አይገባም።

ነገር ግን እባጭ ሁሉ ስብ አይደለም። በአንገት፣ በብብት ወይም በጉያ የሚወጣው ንፍፊት ሊሆን ይችላል። የሳንባ ነቀርሳን የሚያመጣው ተሕዋስም የአንገት ንፍፊትን ያሳብጣል፤ ይህ መድኃኒት ያለው በሽታ ነው። ከጉሮሮ ፊት ለፊት ሆኖ ምራቅ ሲዋጥ ከፍ ዝቅ የሚለው እንቅርት ነው። እንደ ኢሉባቦር ዝናብ በሚበዛበት አገር አፈሩ በጎርፍ ስለሚታጠብ አዮዲን ሊያንሰው ይችላል። ስለሆነም አዮዲን ያለው ጨው ገዝቶ በክዳን ዕቃ ማኖር ለቤተሰብ ሁሉ ይበጃል።

ከሁሉም በላይ በጡት ላይ የሚገኝ እባጭ ቢያምም ባያምም ሳይውል ሳያድር መታየት አለበት። በአገራችን ሴቶችን ከሚይዙት የካንሰር ዓይነቶች የጡት ካንሰር ቀዳሚው ነው። ብዙዎቹም ወደ ሐኪም የሚመጡት በሽታው ከገፋ በኋላ ነው። የሚያሳስተውም በመጀመሪያ ብዙ ጊዜ አለማመሙ ነው።

በሌላ የሰውነት ክፍል ያለ እባጭም ከ5 ሳንቲ ሜትር በላይ ከሆነ፣ በፍጥነት ካደገ፣ ከጠጠረ፣ ሲገፉት አልንቀሳቀስ ካለ ወይም ማመም ከጀመረ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል።

በጋለ ብረት መተኮስ፣ በምላጭ መብጣትና ቅጠል መለጠፍ ግን አደጋ አለው። ቁስሉ ያመረቅዛል፤ መንጋጋ ቆልፍም ሊያስከትል ይችላል፤ በአንድ ምላጭ ብዙ ሰው ከተበጣ ኤችአይቪና የጉበት በሽታ ይተላለፋል። ከዚህም ሌላ ሽፋኑ ውስጥ ከቀረ እባጩ ተመልሶ ሊያድግ ይችላል።

በጎሬ፣ በቡሬ፣ በሁሩሙ ወይም በያዮ የምትኖር እናት በመጀመሪያ በአቅራቢያዋ ወዳለው ጤና ጣቢያ ብትሄድ ይበጃል። ከዚያ በላይ ምርመራ ካስፈለገ የሰዎች ለሰዎች ድርጅት መሥራች በነበሩት በካርል ሄንዝ በም ስም የሚጠራው የመቱ ካርል ሆስፒታል አለ። እባጩ ስብ መሆኑ ከተረጋገጠና ካላስቸገረ እንዳለ መተው ይቻላል። የሸክም ገመድ ወይም የአንቀልባ ማሰሪያ እየፈተገው የሚያስቸግር ከሆነ ደግሞ ሐኪሙ ቦታውን ብቻ አደንዝዞ ከነሽፋኑ ያወጣዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሆስፒታል መተኛት አያስፈልግም።

ባሎችም ለዚህ የሚሆን አንድ ቀንና የመሳፈሪያ ገንዘብ ሊነፍጉ አይገባም። እናት ስትመረመር የሚያርፈው የቤተሰቡ ሁሉ ሐሳብ ነውና።