ባዶ የሚባል ሜዳ
ሐተታ፦ በጋይንቴው ታዛቢ

በኮሮናው ዓመት፣ በ2012፣ የአዲስ አበባው አትክልት ተራ ከፒያሳ ተነሥቶ ጃንሜዳ ሲገባ የተሰጠውን ምክንያት አንባቢ አይረሳውም። ፒያሳ ይጨናነቃል፣ ጃንሜዳ ሰፊ ነው፤ ለጊዜው ነው። ወረርሽኙ እውነት ነበር፤ መጨናነቁም እውነት ነበር። በሁለቱ አልከራከርም። የሚከነክነኝ ማንም በግልጽ ያልተናገረው፣ ውሳኔው ሁሉ ግን የቆመበት ሐሳብ ነው፦ ሜዳው ባዶ ነው የሚለው።

ሐሳቡ እዚያው አዲስ አበባ ቢቀር እኛ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሰዎች ነገሬም ባላልነው። ግን የገጠር ቀበሌ ወደ ከተማ በተካለለ ቁጥር፣ መዋቅራዊ ፕላን በተዘረጋ ቁጥር ተመልሶ የሚመጣው ይኸው ነው። ከተማ ሲሰፋ ዓይኑን መጀመሪያ የሚጥለው ማሳ ላይ አይደለም። ማሳ ባለቤት አለው፤ ባለቤቱ የይዞታ ደብተር አለው፤ ደብተር ያለው ሰው ደግሞ ይከሳል። የፈረስ ሜዳው፣ የጥምቀተ ባሕሩ ዙሪያ፣ የወል ግጦሹ ግን የሁሉም ስለሆነ የማንም ይባላል። ከዚያ በኋላ አንድ መስመር ማስመር ነው።

እስቲ «ማንም አይጠቀምበትም» የሚለውን እንየው። ማን፣ መቼ ሄዶ አይቶ ነው? በሥራ ሰዓት፣ በመኪና ሄዶ፣ በሰኔ ወይም በሐምሌ ከሆነ እውነቱን ነው፤ ከብትና እረኛ እንጂ ሌላ አያይም። ከብትና እረኛን ደግሞ የከተማ ፕላን ሠሪ እንደ ተጠቃሚ አይቆጥርም። በጥር ይምጣ። የጥር 25ን የመርቆሬዎስ በዓል ደብረ ታቦር ሄዶ ያየ ሰው ፈረሰኛው ሜዳውን እንዴት እንደሚሞላው ያውቃል። ከዚያ ሁለት ቀን ቀድሞ፣ ጥር 23፣ አዊ ላይ በ1932 ዓ.ም. እንደተመሠረተ የሚነገርለት የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን ያከብራል። እነዚህ በዓላት በቴሌቪዥን ሲታዩ ቅርስ ናቸው፣ ቱሪዝም ናቸው፣ የገጽታ ግንባታ ናቸው። ፈረሱ የሚሮጥበት መሬት ፕላን ላይ ሲታይ ግን ባዶ ነው። ፈረሱ የሚሮጠው የት ላይ እንደሆነ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቱ ለመሬት ጽሕፈት ቤቱ አልነገረው ይሆን? ብዙ ጊዜ እኮ አንድ ግቢ ውስጥ ናቸው።

የፈረሰኞቹ ጨዋታ፣ ጉግስ፣ ደግሞ በትንሽ ቦታ የሚሆን ነገር አይደለም። መነሻ ይፈልጋል፣ ቀጥ ያለ መጋለቢያ ይፈልጋል፣ ፈረሱ ፍጥነቱን አብርዶ የሚመለስበት ይፈልጋል፣ ሕዝቡ ሳይረገጥ የሚቆምበት ዳር ይፈልጋል። «ግማሹን ብቻ ነው የወሰድነው» የሚለው ማስተዛዘኛ ስለዚህ አይሠራም። ግማሽ ሜዳ ላይ ግማሽ ጉግስ የለም፤ ጉግስ የለም።

«ግን በዓመት አንድ ቀን ነው» ይላሉ። ይሁን። የገበያ ቦታም እኮ የሚሞላው በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ ስድስቱን ቀን ውሻና አመድ ነው ያለበት። ባዶ ነው ብሎ የገበያ ቦታ የሸነሸነ ሹም ግን አልሰማሁም። ቀረጥ ይሰበሰብበታላ! ጣሊያን አገር ሲዬና የምትባል ከተማ አለች። መሐል አደባባይዋ ላይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ጁላይ 2 እና ኦገስት 16፣ አፈር ደልድለው ፈረስ ያሽቀዳድማሉ። የቀረውን ዓመት ሰው ቡና የሚጠጣበት አደባባይ ነው። ሕንፃ ይሠራበት ብሎ የሚነሣ ሹም ቢኖር የሚደርስበትን እሱ ያውቃል።

ወደ ሕጉ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ሹማምንቱን የሚያሳፍር ነገር አለ። የአዋጅ ቁጥር 1161/2011ን የካሳ ስሌት አንባቢ ያውቀዋል፦ ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ያላገኘ ባለይዞታ ባለፉት 3 ዓመታት ካገኘው ገቢ ከፍተኛው የዓመት ገቢ በ15 ይባዛል። የፈረስ ሜዳ የዓመት ገቢው ስንት ነው? ዜሮ። ዜሮ በ15 ሲባዛ ስንት እንደሚመጣ የወረዳው ባለሙያ ሳይደክም ይነግረናል። ነገር ግን ያው አዋጅ ለወል ይዞታ ሌላ መለኪያ አስቀምጧል፤ መሬቱ ይሰጥ የነበረው አገልግሎት፣ ወይም ተነሺው ያጣው ጥቅምና መተዳደሪያ ይታያል ይላል። ሕጉ ራሱ የወል መሬት አገልግሎት እንዳለው አምኗል ማለት ነው። ባዶ ነው የሚለው ክርክር የሚወድቀው በሽማግሌ ምስክር ብቻ አይደለም፤ ሹሙ ብብቱ ሥር በያዘው አዋጅ ነው።

አዋጁ ንጹሕ ነው እያልኩ አይደለም። ለሕዝብ ጥቅም የሚባለው ጥቅም «በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ» ሊመጣ እንደሚችል ይፈቅዳል፤ በተዘዋዋሪ የማይመጣ ነገር ደግሞ ምን አለ? ባለይዞታው ቢያንስ ከ1 ዓመት በፊት ስለልማቱ ይወያይበት ይላል። ጥሩ። የወል መሬት ሲሆን ስብሰባው የሚጠራው ማን ነው? ሊቀ መንበሩ? የዕድሩ ዳኛ? ፈረሰኛው? የመጣው ሃያ ሰው ፈርሞ ከሄደ ቀበሌው ተወያየ ይባላል።

ወደ ጃንሜዳ ልመለስና፣ «ለጊዜው» የሚለውም የት እንዳደረሰ ታየ። የ2012 ክረምት ጃንሜዳን ጭቃ አደረገው፤ ነጋዴውም በጭቃው ተማረረ፣ አትሌቱም መሮጫ አጣ። ገበያው ወጥቶ ሜዳው የተጸዳው እዚያው ለሚከበረው የ2013 ጥምቀት ነው፤ እሱም ከብዙ ጩኸትና ጥያቄ በኋላ። በ2015 የጃንሜዳ ሀገር አቋራጭ ውድድር የተካሄደው ሱሉልታ ላይ ነበር። ስሙ ጃንሜዳ፣ ሩጫው ሱሉልታ። አዲስ አበባ መሐል፣ በጋዜጠኛ ዓይን ሥር፣ ቤተ ክርስቲያን እየጠየቀች ይህ ከሆነ፣ ዘጋቢ የማይደርስበት የስማዳ ሜዳ «ለጊዜው» ሲባል ማን ያስመልሰዋል?

የሚያስቸግረኝን ግን አልደብቅም። በጥር ፈረስ የሚጋልበው ጎረምሳ በየካቲት በማኅበር ተደራጅቶ የመሥሪያና የቤት ቦታ የሚጠይቀው ራሱ ነው። አባቱ ማሳውን ከፋፍሎ ጨርሷል። ከተማውም መስፋቱ አይቀርም፤ አይስፋም አልልም። ሜዳው ይቅር ቢባል ልጁ የት ይሂድ ለሚለው ጥያቄ በቂ መልስ የለኝም። ይህ ጥያቄ የሚቀርበው ግን ሜዳው ሥራ ያለው መሬት ነው ተብሎ ከታመነ በኋላ ነው። ባዶ ነው ከተባለማ ጥያቄም ክርክርም የለም።

ስለዚህ የጋይንት፣ የስማዳ፣ የእስቴ አንባቢ፣ መስመሩ ሳይሰመር ወረዳችሁ መሬት ጽሕፈት ቤት ሂዱና ሜዳችሁ በማን ስም፣ ለምን አገልግሎት እንደተመዘገበ ጠይቁ። ክልላችን ባለበት የጸጥታ ሁኔታ ቢሮው ክፍት ስለመሆኑ፣ ክፍትም ቢሆን የሚመልስላችሁ ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ። ቢሆንም ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።