ከእግራችን በታች ያለው ምድር

የመሬትን ውስጣዊ አቀማመጥ በትምህርት ቤት የተማረ ሁሉ የእንቁላሉን ምሳሌ ያስታውሳል። ቅርፊቱ የምንኖርበት የላይኛው ክፍል፣ ነጩ ማንትል፣ አስኳሉ ደግሞ እምብርት ነው ይባላል። ተማሪው ሦስቱን ስሞች በቃሉ ይይዛል፤ ፈተናውንም ያልፋል፤ ነገሩ በዚያው ይረሳል። በእኔ አስተያየት ግን በስምጥ ሸለቆ ላይና በዙሪያው ለሚኖር ሕዝብ ይህ ዓይነቱ ትምህርት አይበቃም።

በመጀመሪያ፣ ምሳሌው ራሱ ያሳስታል። የእንቁላል ነጭ ፈሳሽ በመሆኑ ብዙዎች ከእግራቸው ሥር የእሳት ባሕር የተንጣለለ ይመስላቸዋል። እስከ 2,900 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚወርደው ማንትል ግን ጠጣር ዓለት ነው፤ ብቻ ከሙቀቱና ከጫናው ብዛት የተነሣ በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ይንቀሳቀሳል። ፈሳሹ ከእርሱ በታች ያለው፣ በአብዛኛው ከብረት የተሠራው ውጫዊ እምብርት ነው። ውስጣዊው እምብርት ተመልሶ ጠጣር ነው።

ታዲያ ይህን ማን ወርዶ አየው? ማንም አላየውም። ከመሬት ገጽ እስከ መካከሏ 6,371 ኪሎ ሜትር ይርቃል። የሶቪየት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1970 በኮላ መቆፈር ጀምረው በ1989 የደረሱት 12,262 ሜትር ድረስ ብቻ ነበር፤ በዚያ ጥልቀት ሙቀቱ 180 ዲግሪ ሆኖባቸው ከዚህ በላይ መዝለቅ አልቻሉም። ገበያ ወጥታ ጋን የምትገዛ ሴት ስንጥቅ እንዳለበት ለማወቅ ጋኑን አትሰብረውም፤ በጣቷ አንኳኩታ ድምፁን ታዳምጣለች። ሊቃውንትም ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ አንኳኪው ግን የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። ከሞገዶቹ አንዱ ዓይነት በፈሳሽ ውስጥ ማለፍ ስለማይችል፣ በዓለም ማዶ ባሉት ጣቢያዎች ሳይመዘገብ መቅረቱ የውጫዊውን እምብርት ፈሳሽነት አስረዳ። ኢንጌ ሌማን የተባለችው ዴንማርካዊት ደግሞ በ1929 ኒው ዚላንድን ያናወጠው መንቀጥቀጥ የላካቸውን ደካማ ሞገዶች መርምራ፣ በ1936 ውስጣዊ እምብርት መኖሩን አስታወቀች።

ሌማን በመዝገብ ወረቀት ላይ ያነበበችውን ዓይነት ሞገድ የእኛ ሰዎች በቤታቸው ጣሪያ ሥር ተቀብለውታል። በ1961 በካራ ቆሬ አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፈራርሷል፤ በ1969 ሰርዶ ተራዋን ወደቀች። በ2005 በአፋር፣ በዳባሁ አጠገብ፣ ቅልጥ ዓለት ከሥር እየገፋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመውን ምድር ለሁለት ከፈለ፤ ስፋቱም እስከ 8 ሜትር ደረሰ። ይህ የሆነው በአፋር ቅርፊቱ ተስቦ ከደጋው ይልቅ በጣም ስለሳሳ ነው። ፒየር ጉዋን የተባሉት ካህን በአዲስ አበባ የምርመራ ጣቢያ አቋቁመው የአካባቢያችንን የመሬት ነውጥ ታሪክ በ1979 በመጽሐፍ አሳትመውልናል። መዝገቡ አለ ማለት ነው፤ አንባቢው ነው የጠፋው።

ጉድጓድ ውሃ ላልተቆፈረለት ሕዝብ ስለ እምብርት ማውራት ቅንጦት ነው የሚሉ አሉ። ችግሩ እውነት ቢሆንም መደምደሚያውን አልቀበለውም። አዳማና ሐዋሳ በስምጥ ሸለቆው ላይ ፎቅ በፎቅ ሆነዋል። የመሬት ነውጥን የሚመለከት የሕንፃ ደንብ አለን፤ ነገር ግን ደንቡ የሚሠራው ባለቤቱ፣ ግንበኛውና ተቆጣጣሪው ምክንያቱ ሲገባቸው ነው። ብረት ለመቆጠብ የሚሟገት የቤት ባለቤት ተማሪ ሳለ ስለ ቅርፊተ ምድር ከአሥር አሥር አግኝቶ ይሆናል!

ከ2024 መጨረሻ እስከ 2025 መጀመሪያ በአዋሽ ፈንታሌ ምድር ደጋግማ ስትናወጥ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቀያቸውን ለቀቁ፤ ንዝረቱም አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ። በዚያ ሰሞን ከፎቅ ቤት ደረጃ ላይ በነጠላ ተጠቅልላ የወረደች እናት ልጇን፣ «ይህ ቤት ይችለዋል? ወዴትስ ብንቆም ይሻላል?» ብላ ብትጠይቀው፣ ሦስቱን ስሞች በቃሉ የያዘው ልጅ ምን ይመልስላታል? ትምህርቱ ከዚህ ጥያቄ ተነሥቶ ወደ ታች ቢወርድ፣ ከፈንታሌ ወደ ቅርፊቱ፣ ከቅርፊቱም ወደ ማንትል፣ እምብርቱ ላይ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው፤ መዘግየቱ ግን አይጎዳውም።