የሌዘሩ በር ለማን ይከፈት?

ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው ስለ ፈጠራ ማዕከል ብዙ ይነገራል። በእነዚህ ማዕከሎች ከሚተከሉት መሣሪያዎች አንዱ እንጨትና ቆዳ በሌዘር ጨረር የሚቀርጸው መኪና ነው። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ መኪናው ይገዛ ወይስ አይገዛ የሚል አይደለም። ጥያቄው፣ እንዲህ ያለው መኪና በደባርቅና በዳባት አካባቢ ሲተከል በሩ ለማን ይከፈታል? የሚል ነው።

ለማያውቁት ባጭሩ እንግለጸው። ሌዘርን መጀመሪያ ሠርቶ ያሳየው ቴዎዶር ሜይማን የተባለ አሜሪካዊ ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1960 ነው። ከአራት ዓመት በኋላ የህንድ ተወላጁ ኩማር ፓቴል በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ የሚሠራውን ዓይነት አወጣ፤ ለእንጨትና ለቆዳ ሥራ በብዛት የሚያገለግለውም ይኸው ነው። ጨረሩ በብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ይወለዳል፤ በመስተዋቶች ተንጸባርቆ በሌንስ አንድ ነጥብ ላይ ይሰበሰባል፤ ከዚያም በኮምፒዩተር የተሣለውን ሥዕል ተከትሎ እንጨቱን ይለበልባል። ጉልበቱ ቀንሶ ፍጥነቱ ሲጨምር ይቀርጻል፤ ጉልበቱ ጨምሮ ፍጥነቱ ሲቀንስ ይቆርጣል። ትዕግሥት ያለው ሰው ይለምደዋል፤ ምሥጢር የለበትም።

አስቸጋሪው ነገር ያለው ከመኪናው ሳይሆን ከእኛ ዘንድ ነው። ይህ አገር ባለ እጁን እንዴት ሲይዝ እንደኖረ እናውቃለን። በ1847 ዓ.ም. እዚሁ ስሜን፣ ደረስጌ ማርያም የነገሡት ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ባለ እጆችን ሰብስበው መድፍ አሠሩ። ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ አስነገሩ። ይሁን እንጂ አዋጅ አፍን ይዘጋ እንደሆነ እንጂ ልብን አይለውጥም፤ ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ ቡዳ መባላቸው ቀጠለ። በስሜንና በወገራ ማረሻ የሚቀጠቅጡ፣ ሸክላ የሚሠሩ፣ ሸማ የሚሸምኑ ቤተ እስራኤሎች ይኖሩ ነበር። ከ1977 እስከ 1983 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሲሄዱ፣ ስንት ትውልድ ያጠራቀመው የእጅ ዕውቀት አብሮ ሄደ። የእምነታቸው ናፍቆት እንደ ወሰዳቸው አይካድም፤ ነገር ግን ገበሬው ማረሻውን ከእነርሱ እየገዛ ስማቸውን ያጠፋ እንደነበረም መካድ የለብንም።

ዛሬ ከመካከላችን ባለ እጅን ቡዳ ብሎ የሚሰድብ ተማሪ ላይገኝ ይችላል። ንቀቱ ግን መልኩን ለውጦ ሊመጣ ይችላል። የስሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ የጎብኚው መግቢያም ደባርቅ ነው። ዋልያና ጭላዳ የተቀረጸበት ዕቃ ገበያ አያጣም። እንጨት ቀራጩ ቀናት የሚፈጅበትን ሥዕል መኪናው በደቂቃዎች ይጨርሰዋል። በሕዝብ ገንዘብ የተገዛ መኪና ይዘን፣ ኪራይና የመብራት ሒሳብ ሳንከፍል፣ ከዚህ ሰው ጋር ገበያ ብንሻማ ሥራችን ፈጠራ ሳይሆን ቅሚያ ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን እንላለን። በመጀመሪያ፣ ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን በሩ ለከተማው ባለ እጆች ይከፈት። ቀራጩ ሥዕሉን ያምጣ፤ ተማሪው ኮምፒዩተሩን ያሳየው፤ ዕቃውም የቀራጩ ይሁን። የእንጨቱን ጅማት፣ የቆዳውን አለፋፍ ከእርሱ የምንማር እኛ ነን። ሁለተኛ፣ እኛ የምንሠራው ገበያው የማያቀርበውን ይሁን፤ ለገጠር ትምህርት ቤቶች በእጅ የሚዳሰስ የእንጨት ፊደል፣ ለሒሳብ መምህሩ የማዕዘን መለኪያ፣ ለአስታውና ለጅብራው፣ ለኮሶውም የስም ሰሌዳ። እንጨቱ ግን የባሕር ዛፍ ይሁን እንጂ ስለ አስታ እያስተማርን አስታ የምንቆርጥ አንሁን።

ሦስተኛው የጥንቃቄ ነገር ነው። ቱቦው በውሃ ይቀዘቅዛል፤ የደባርቅ ሌሊት ደግሞ ብርዱ የታወቀ ነው። ቱቦው ውስጥ ያደረ ውሃ በረዶ ከሆነ ብርጭቆውን ሊሰነጥቀው ይችላል። ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ ሲቃጠል ሳንባን የሚጎዳና ብረትን የሚያዝግ ጋዝ ስለሚያወጣ ከቶ አይግባበት። እሳትም ሊነሣ ስለሚችል መኪናውን እያሠሩ ትቶ መሄድ አይገባም።

«መኪናው ውድ ነው፤ ከውጭ የመጣ ሰው ያበላሽብናል» የሚሉ ይኖራሉ። ሥጋቱ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን የሚያበላሸው አለማወቅ እንጂ የግቢ መታወቂያ አለመያዝ አይደለም፤ ያልሠለጠነ ተማሪም ያበላሻል። ሥልጠናውን ያለፈ ሁሉ፣ ከግቢም ይሁን ከከተማ፣ ስሙ ይመዝገብና ይሥራበት። ተቆልፎ የተቀመጠ መኪና እንደሆነ አቧራ ይጠጣል፤ አንድ ክፍል ሲጎድለው የሚጠግነው ሰው አይገኝለትም፤ ለአገሩ እንግዳ ለሰዉ ባዳ ሆኖ ያረጃል።

እንግዲህ የተማሪዎች ማኅበራችን ይህን ጉዳይ ከእግር ኳሱ ሜዳና ከምግቡ አቤቱታ ጎን በአጀንዳው ላይ ያስፍረው። ስለ ሕዝብ ብዙ የምንናገር ተማሪዎች ነን። ከግቢው አጥር ውጭ የተቀመጠው ቀራጭ ንግግራችንን ሳይሆን በሩን ይጠብቃል።