የነሐሴ ጧት በጣና ላይ

ባለፈው ሰሞን በክፍል ውስጥ የጣናን ሐይቅ ካርታ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስዬ ከጎኑ አንዲት ታንኳ ጨመርሁበት። ታንኳዋ ጥሩ ሆና አልመጣችልኝም፤ የሙዝ ልጣጭ መሰለች። ከኋላ ወንበር የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አወጣና፥ «መምህር፥ ይህ ነገር ከሣር የተሠራ ከሆነ አይሰጥምም ወይ?» ሲል ጠየቀኝ። «ይሰጥማል፤ ግን ቀስ ብሎ ነው» አልሁት። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔ ግን መቀለዴ አልነበረም።

የሸርቆሌ ልጅ ውሃ አያውቅም ማለቴ አይደለም። ዓባይን ያውቃል፤ ነገር ግን የሚያውቀው ወደ ቆላ የወረደውን፣ አዞ የሚተኛበትን፣ ወደ ሱዳን ድንበር የተቃረበውን ዓባይ ነው። ያው ወንዝ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ካለው፣ አዞ ከሌለበት ሰፊ ሐይቅ ሲወጣ ምን እንደሚመስል ለማስረዳት ካርታ አልበቃኝም። ስለዚህ ጠመኔውን አስቀምጬ አንድ ጧት ያየሁትን ነገርኋቸው። ለአንባብያንም እንዲሁ ልንገራችሁ።

ነገሩ የሆነው በ2014 ዓ.ም. በነሐሴ ወር መጀመሪያ ነው። ያን ጊዜ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርሁ። ጓደኞቼ ለክረምቱ ወደየአገራቸው ሲሄዱ እኔ ጽሑፌን እጨርሳለሁ ብዬ ቀረሁ፤ እንደምታውቁት፥ እንዲህ ብሎ የቀረ ተማሪ ጽሑፉን አይጨርስም። የጎረቤቴ አባወራ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ ይጠጋል፤ ስማቸውን አልጽፍም፤ ጋሼ እያልሁ ነበር የምጠራቸው። አንድ ማታ፥ «ጋሼ፥ ነገ ጧት አብሬዎት ልሂድ?» አልኋቸው። «ዋና ትችላለህ?» አሉኝ። «እችላለሁ» አልሁ። ዋና የተማርሁት ከወገብ በማያልፍ ወንዝ ውስጥ መሆኑን ግን አልነገርኋቸውም።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ሐይቁ ዳር ደረስን። ዝናቡ ሲጥል አድሮ ገና ማባራቱ ነበር። ታንኳዎቹ ዛፍ ተደግፈው ቆመዋል። ለእኔ የእኅታቸው ልጅ ታንኳ ተሰጠኝ።

እዚህ ላይ ስለ ታንኳ ጥቂት ልበል። ደንገል በሐይቁ ዳር የሚበቅል፣ አገዳው ውስጡ እንደ ስፖንጅ የሆነ ተክል ነው። ይታጨዳል፣ ይደርቃል፣ በእቅፍ በእቅፍ ይታሰራል፤ አፍንጫውም ወደ ላይ ይቀለበሳል። ሚስማር የለው፣ ቀለም የለው። ውሃ እንደ ልቡ በመካከሉ ይገባል፣ ይወጣል። ስለዚህ ከበታች ተጨማሪ ደንገል ካልተነጠፈ የተቀመጠው ሰው ይረጥባል፤ ቢነጠፍም ይረጥባል። ውሃ በጠጣ ቁጥር ስለሚከብድ፥ ከሥራ በኋላ ከውሃ አውጥቶ ማድረቅ የግድ ነው፤ እንዲያም ሆኖ ዕድሜው በወራት የሚቆጠር ነው። በዚህ ሥራ ከጥንት ጀምሮ ስማቸው የሚነሣው በሐይቁ ዙሪያ የሚኖሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው።

ይህን ሣር የናቀ ሰው ቢኖር የኖርዌዩን ተወላጅ የቶር ሄየርዳልን ታሪክ ይመልከት። እርሱ የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ ሊሻገሩ ይችሉ እንደ ነበር ለማሳየት በተነሣ ጊዜ ደንገሉን ያስጫነው ከጣና ነው። በግንቦት ወር 1961 ዓ.ም. ከሞሮኮ የተነሣችው «ራ» የተባለችው ጀልባ ውሃ ጠጥታ ማዶ ሳትደርስ ተተወች። በዓመቱ የተነሣችው «ራ ሁለት» ግን አትላንቲክን በ57 ቀን አቋርጣ ባርባዶስ ገባች። እኔ በዚያ ጧት ባርባዶስን አልተመኘሁም። መቅዘፊያው መካከሉን ይዘው ግራና ቀኝ የሚመቱበት አንድ ረጅም ዘንግ ነው፤ እኔ ግን አንዱን ወገን ብቻ እየመታሁ ከዳር ሃያ ሜትር ያህል ርቄ በራሴ ዙሪያ እሽከረከር ጀመር። ጋሼ ሦስት ጊዜ ዞረው አዩኝ። በአራተኛው ምንም ሳይናገሩ ገመድ ወረወሩልኝና፥ ወደ ገበያ እንደሚነዳ በግ እየጎተቱ ወሰዱኝ።

ከከተማው አጠገብ ያለው ጣና ጸጥ ያለ ውሃ እንዳይመስላችሁ። ብርሃን ሲወጣ ከዘጌ ወገን ማገዶ የጫኑ ታንኳዎች ብቅ አሉ፤ እንጨቱ ከቀዛፊው ራስ በላይ ስለሚከመር ከሩቅ ሲያዩት የማገዶ ክምር ብቻውን የሚዋኝ ይመስላል። ወደ ገዳማቱ ሰው የሚያመላልሱት የሞተር ጀልባዎችም ሥራቸውን ጀመሩ። አንዱ በአጠገባችን እያጓራ ሲያልፍ ያስነሣው ማዕበል ታንኳዬን አነሣና አፈረጣት፤ ደብተሬ በኪሴ ውስጥ ራሰ። ደንገል ግን ከማዕበሉ ጋር ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ትንሽ ቆይቶ ከደንገሉ ጫካ በኩል የጉማሬ ትንፋሽ ተሰማ። ጋሼ መቅዘፊያቸውን ቀስ አድርገው ሰፊ ዙር ዞሩ። ለሞተሩ ተሳድበው ነበር፤ ለጉማሬው ግን ዝም አሉ።

ማታ የተጣለው መረብ ምልክቱ በውሃው ላይ የሚንሳፈፍ አሮጌ የፕላስቲክ ጠርሙስ ነበር። ጋሼ ተንበርክከው ይስቡ ጀመር። በመጀመሪያ የመጣው ቅጠልና ጭቃ ነው። ቀጥሎ አንድ አምባዛ፣ ከዚያ ቆሮሶ፣ እንደገና ጭቃ። መረቡ ሲያልቅ ሁለት አምባዛ፣ ስድስት ቆሮሶና አራት ነጭ ዓሣ ቈጠርሁ። እኔ ብዙ መስሎኝ ደስ አለኝ።

«ይህ ምን አላት!» አሉ ጋሼ። «አሁን ዓሣው እዚህ አይደለም። ጉማራ አፍ ላይ ነው። ሞተር ያለው ሁሉ ወደዚያ ሄዷል።»

«ለምን ወደዚያ ሄደ?»

«ሊወልድ ነዋ!»

ያን ጊዜ ነገሩ እንደ ወሬ አለፈኝ፤ በኋላ ከመጻሕፍት ቤት ገብቼ ሳነብ ግን ከመረቡ የከበደ ነገር አገኘሁ። እኛ በአንድ ስም ነጭ ዓሣ ብለን የምንጠራው አንድ ዓይነት ዓሣ አይደለም። ናጌልከርኬና ሲቢንግ የተባሉ ሁለት የሆላንድ ሊቃውንት በመልክ፣ በአፍ ቅርጽና በምግብ እየለዩ ከ14 በላይ ዝርያዎች መሆናቸውን ገለጡ፤ አብዛኞቹም ከጣና በቀር በዓለም ላይ በሌላ ውሃ አይገኙም። አንዱ ከጭቃ ይለቅማል፤ ሌላው ትንንሽ ዓሣ ያሳድዳል። ከታች የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ስላለ ከቆላው ዓባይ ወደ ሐይቁ ሊወጣ የሚችል ዓሣ የለም፤ ከሐይቁ ያለቀውን የሚተካለት ጎረቤት የለውም ማለት ነው።

ከእነዚህ ዝርያዎች ብዙዎቹ በክረምት፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ፣ እንቁላላቸውን ለመጣል ከሐይቁ ወጥተው እንደ ጉማራ፣ እንደ ርብና እንደ መገጭ ወዳሉት ወንዞች ይገባሉ። ከመግባታቸው በፊት በወንዙ አፍ ላይ ተሰብስበው ይጠብቃሉ። በታንኳ ዘመን ይህ ስብሰባ ብዙ ጉዳት አልነበረበትም፤ ታንኳ ሩቅ አይሄድም፣ ብዙ አይጭንም፣ በየጊዜውም ሊደርቅ ይወጣል። በ1970ዎቹ መጨረሻ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ከገባ በኋላ ግን በወንዝ አፍ ላይ መረብ መዘርጋት ቀላል ሆነ። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 የተደረገው ምርምር ወደ ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች በዐሥር ዓመት ውስጥ ክፉኛ እንደ ቀነሱ አሳይቷል። በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ በ2004 ዓ.ም. ገደማ የታየው እንቦጭ ደግሞ ታንኳውንም ዓሣውንም መንገድ ይከለክላል።

በዚህ ላይ ፍልሰታን ጨምሩበት። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ እተወዋለሁ፤ ገበያው ግን ከእነርሱ ፍርድ አልጠበቀም። ነሐሴ በገባ ጊዜ በሬው ያርፋል፣ ዶሮው ያርፋል፤ ምግብ ቤቱ ሁሉ ዓሣ ፈላጊ ይሆናል። ይኸውም ዓሣው እንቁላሉን ተሸክሞ ወደ ወንዝ በሚሄድበት ወር መሆኑ ነው። የዓሣን ሀብት ልማትና አጠቃቀም የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 315/1995 በነጋሪት ጋዜጣ ከወጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ በመሥሪያ ቤት ያላችሁ ወንድሞቼ ፋይሉ በየትኛው መደርደሪያ እንደሚገኝ ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ።

ወደ ጧቱ ልመለስ። ከውሃው ሳንወጣ፥ «ጋሼ፥ እርስዎስ ወደ ጉማራ የማይሄዱት ዓሣው ይውለድ ብለው ነው?» አልኋቸው። ስለ ጽሑፌ ጥሩ ቃል እንዲነግሩኝ ፈልጌ ነበር። እርሳቸው ግን ታንኳቸውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉና፥ «በዚህ?» አሉኝ። ቀጥለውም፥ «ሞተር ቢኖረኝ እሄዳለሁ፤ አራት ልጅ አለኝ» አሉ። ይህን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። የታንኳን ደግነት ሳመሰግን፥ ታንኳ ከችግር እንጂ ከምርጫ እንዳልተያዘ ማስታወስ ይገባኛል።

ዳር ስንደርስ አንዱን ነጭ ዓሣ ለእኔ ብለው ሆዱን ቀደዱት። ውስጡ በሙሉ እንቁላል ነበር፤ እንደ ጤፍ የደቀቀ ሳይሆን እንደ ማሽላ ፍሬ የጎላ፣ ቢጫ። ከመዳፋቸው ሞልቶ ፈሰሰ። ጋሼ ጥቂት ዝም ብለው ካዩት በኋላ ወደ ውሃው ጣሉት፤ ወፎቹም ወዲያው ለቀሙት። «እናት ናት» አሉ ብቻ። ዓሣዋን ቤት ወስጄ ጠበስኋት። አልበላኋትም ብል ደስ ይላችሁ ነበር፤ ግን በላኋት፣ ጣፋጭም ነበረች።

ነገሩን ለክፍሉ ስነግር እዚህ ላይ ስደርስ የሳቀ አልነበረም። ከፊት የምትቀመጥ አንዲት ልጅ፥ «ቢያልቅስ ምን ይሆናል?» አለች። በፊሊፒንስ ላናኦ የሚባል ሐይቅ እንዳለ ነገርኋት። እንደ ጣና ሁሉ የራሱ ብቻ የሆኑ፣ የነጭ ዓሣ ዘመድ የሆኑ ብዙ ዝርያዎች ነበሩት። ከመጠን ያለፈ ማጥመድና ከሌላ ቦታ የገቡ ነጣቂ ዓሦች ተባብረው ፈጇቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት 15ቱ ፈጽመው እንደ ጠፉ አስታወቀ። ልጅቱ በደብተሯ ላይ 15 የሚለውን ቍጥር ብቻ ጻፈች።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ግን ያልጠበቅሁት ነበር። «ያ የጣና ውሃ እኛ አገር ይደርሳል ወይ?» ተባልሁ። ይደርሳል፤ በሁለት መንገድ። አንዱ ራሱ ዓባይ ነው፤ ሁለተኛው ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በጣና በለስ ዋሻ በኩል ኤሌክትሪክ እያመነጨ ወደ በለስ ወንዝ የሚወርደው ነው። ሁለቱም ተገናኝተው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው በሕዳሴው ግድብ የተፈጠረውን ሐይቅ ይሞላሉ። በክልላችን አያቶች የማያውቁት ሐይቅ መጥቷል፤ ዓሣም እየተጠመደበት ነው። በዚህ ሐይቅ ደንገል አጭዶ ታንኳ የሚያስር የለም፤ የሚጀመረው ከሞተሩና ከናይለኑ መረብ ነው።

በመጀመሪያ አይሰጥምም ወይ ብሎ የጠየቀኝ ልጅ እስካሁን አንገቱን ደፍቶ ይሥል ነበር። አጠገቡ ሄጄ አየሁ። ከእኔ ታንኳ እጅግ የተሻለ የሞተር ጀልባ ሥሏል፤ ከኋላዋም ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር የሚሸፍን መረብ ዘርግቷል። መረቡ ግን ዙሪያው ብቻ ነው፤ መካከሉ ባዶ ነበር።

«ዓይኑስ?» አልሁት።

«የምኑ ዓይን?»

«የመረቡ። ጠባብ ነው ወይስ ሰፊ?»

እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደና ወረቀቱን ትክ ብሎ ተመለከተ። ከአንደኛው ጥግ ጀምሮ መሥመሮቹን ማስመር ሲጀምር ደወሉ ተደወለ፤ ስንት እንዳደረጋቸው አላየሁም።